ካርታው ላይ የሌለው

ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ባሕር ግራና ቀኝ፣
እንኳን ደህና መጣችሁ፤ አቱማኔ እባላለሁ፣ መሪያችሁ እኔ ነኝ።
ደሴቲቱን ካርታው በሌላ ስም ይጥራት፣
እኛ ኦሙሂፒቲ ነው የምንላት።
ርዝመቷ ለእግረኛ አንድ ሰዓት አይሞላም፤
ወርዷን ልጅ ሲያቋርጥ፣ የጀመረውን ማንጎ ጨርሶ አይበላም።

ቀዩን ሕንፃ እዩልኝ፣ የገዢዎቹን ቤት፤
ወንበሩን አትንኩ እንጂ ፎቶ ይፈቀዳል፣ ያለ ብልጭታ፣ ከፊት።
አልጋው የጎዋ እንጨት፣ ሳህኑ የቻይና፤
የተኛበት ሞቷል፣ አንሶላው ግን ይታጠባል ገና።

ምሽጉ ወዲያ ነው፣ በሰሜኑ ጫፍ፤
የሸርጣን በር ሆኗል የዚያ ሁሉ መድፍ አፍ።
የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፣ ከድንጋዩ ሥር፤
ምንጭ በሌለበት፣ በዚህ ጨዋማ አገር፣
ጠላት እንዳይገባ የተሠራው በር
ለእናቴ ባልዲ ይከፈት ነበር።

ነጩ ቤተ ክርስቲያን፣ አረንጓዴው መስጊድ፣ የሂንዱዎቹ መቅደስ፤
ጨው ሃይማኖት አይጠይቅም፣ ኖራ ሲልስ።

እዚህ ጋ የማነበው የለኝም። ጥቂት ዝም እንበል።
በዚህ ደረጃ የወረደ ሰው፣ በመርከቡ ደብተር
«አንድ» ነው የሚባል።

…

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ ሳስጎበኝ፣
ስለ ገዢ፣ ስለ መድፍ፣ ስለ ሎብስተር ዋጋ ነው የሚጠይቁኝ።
ባለፈው ማክሰኞ ግን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ
አባቷን ትታ መጥታ፣ ያዘችኝ በእጅ፤
«ይሄ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ?» አለች።
መልሱን ካርታው አያውቅም፤ እሷ ግን ጠበቀች።

ስለዚህ አንድ መቆሚያ ጨምሬአለሁ፤
ቲኬት የለውም። ጫማችሁን አጥብቁ፣ ቁልቁል እወስዳችኋለሁ።

የኛ ሰፈር ይኸው፤ ጣሪያው የዘንባባ፣
መንገድ ላይ ለቆመ፣ ከጉልበቱ በታች፣ መሬት ውስጥ የገባ።
ያ ሁሉ ግንብ ከሰማይ አልወረደ፤
እዚህ ተቆፈረ፣ እዚህ ተጠረበ፣ በሰው ጀርባ ሄደ።
አያቶቼ ፈልጠው፣ አያቶቼ ጭነው፣
እዚያ አንድ ክንድ ሲነሣ፣ እዚህ አንድ ክንድ ሲጎድል ነው።
እዚያ ላይ «ጉድ!» ስትሉ፣ ካሜራው ሲጮህ ነበረ፤
ከጉድጓዱ ጉዱ ወጣ፣
ጓዱ እዚህ ቀረ።

ክረምት ሲገባም ጎርፉ ቁልቁለቱን ያውቃል፤
ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ተነሥቶ፣ የኛ ምድጃ ላይ ያርፋል።

እናቴ ሙአዚዛ ይችውላችሁ፣ ፊቷን ነጭ ሙሲሮ ተቀብታ፣
ደጃፏ ላይ ዓሣ ትልጣለች፣ እግሯን ዘርግታ።
ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት «ሳላማ» በሏት፤
ሐውልት አይደለችም፣ ስሟን ጠይቋት።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ፣ ከበሩ ትመልሰኛለች፤
ርቃ እንደተዳረች ልጅ፣ ስለ ቀዩ ቤት ትጠይቀኛለች፦
«ድንጋዮቻችን እንዴት አደሩ? ስንጥቅ አለባቸው?
ሰው በዝቶባቸዋል አሉ፤ አደራ፣ አንተ እንኳ አትደገፋቸው።»

ጉብኝቱ አለቀ። ወደ ሆቴላችሁ ስትመለሱ፣
በቀዩ ግድግዳ በኩል እለፉ፣
መዳፋችሁን አሳርፉ፣
ከሙአዚዛ ነው ብላችሁ ሰላምታዋን አድርሱ።

ስትወጡ ግን ቀስ በሉ፤ ሦስተኛው ደረጃ ይነቃነቃል፤
የምንጠግንበት ድንጋይ አጥተን፣
ስንት ክረምት አልፎታል።